የኸሊፋው ቤትና ሁለቱ ግማሽ ታሪኮች

ለማስተማር ልምምድ ጎንደር ከተማ ወዳለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከላክናቸው እጩ መምህራን አንዱ የመተማን ጦርነት ሲያስተምር፣ እኛ እንደ ልማዳችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እንከታተል ነበር። እጩ መምህሩ በሚገባ ተዘጋጅቷል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በጦር ሜዳ መቁሰላቸውን፣ ካረፉም በኋላ አስከሬናቸው በድርቡሾች እጅ መውደቁንና ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን መላኩን ሲተርክ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚህ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ልጁ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ገዳሪፍ ተወልዶ፣ ኦምዱርማን ያደገ፣ በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከቤተሰቡ ጋር በጋላባት በኩል መተማ የገባ ነው።

«ቲቸር፣ ራሱ የተወሰደው ወደ ኸሊፋው ቤት ነው? እኔ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ በትምህርት ቤት ወስደውናል። ግቢው ውስጥ መኪና አለ» አለ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እጩ መምህሩም «በዚያ ዘመን መኪና አልነበረም፤ ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ብሎ አለፈው። ከክፍለ ጊዜው በኋላ በግምገማ ደብተራችን ላይ «የተማሪን ጥያቄ አጣጥሏል» ብለን ልንጽፍ ብዕር ካነሣን በኋላ አስቀመጥነው። እኛስ ብንጠየቅ ምን እንመልስ ነበር? በአንድ በኩል ልጁ እውነቱን ነው፤ መኪናው በግቢው የነበረ ነው። በሌላ በኩል እጩ መምህሩም አልተሳሳተም። ሁለቱ የያዙት አንድ ታሪክ ሆኖ ሳለ እያንዳንዳቸው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዕለት ወዲህ ስለ ቤቱ ያነበብነውንና የደረስንበትን አስተያየት የያዘ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኸሊፋ» ማለት ተተኪ ማለት ነው። የሱዳኑ መህዲ ሙሐመድ አሕመድ ካርቱምን በጥር 1885 ከያዘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሰኔ ወር ሞተ። እሱን የተካው ከምዕራብ ሱዳን፣ ከተዓይሻ ጎሣ የመጣው አብዱላሂ ነበር። አዲሱ ገዥ የቱርክና የግብፅ መንግሥት ከተማ የነበረችውን ካርቱምን ትቶ ከነጭ ዓባይ ማዶ ባለችው ኦምዱርማን ተቀመጠ። ከመህዲው መቃብር ፊት ለፊት፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ከሚሰግድበት ሰፊ አደባባይ አጠገብም ከ1887 ጀምሮ ቤቱን አሠራ። ፔትሮ የተባለ ጣሊያናዊ እንደ ነደፈው ይነገራል። ሥራው በሁለት ጊዜ የተከናወነ ሲሆን ፎቅ ያለው ክፍል ኋላ የተጨመረ ነው። በዙሪያው ያለው ከተማ ባብዛኛው የጭቃ ቤትና የሣር ጎጆ በነበረበት ዘመን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከሩቅ ይታይ ነበር። ከፎቁ ላይ ሆኖ አደባባዩን መቃኘት ይቻላል። ገዥው ሕዝቡን ያያል፤ ሕዝቡም ገዥው እንደሚያየው ያውቃል።

ስለ ቤቱ አሠራር ብዙ የሚያነጋግረው ግን ከፍታው ሳይሆን ዕቃው ነው። ካርቱም ስትለቀቅና ስትፈርስ ጡቧ፣ በሯ፣ መስኮቷና እንጨቷ ወንዝ እየተሻገረ ለኦምዱርማን ቤቶች ሆኗል። መህዲው ያስተማረው ዓለምን መናቅን ነበር፤ ተከታዮቹ የሚለብሱት የተጣጣፈ ጅባ የዚህ ምልክት ነው። በቱርኮች ምቾት ላይ የተነሣው እንቅስቃሴ መሪ ከቱርኮች ከተማ በመጣ በር እየገባ፣ የሞቀና የቀዘቀዘ ውሃ በሚገኝበት መታጠቢያ ክፍል ይታጠብ ነበር። ይህን አንብቦ «አስመሳይ ነበር» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመስጠት አንቸኩልም። ጎንደር ላይ ተቀምጦ የሚያስብ ሰው፣ ነገሥታት ከጠላትም ከወዳጅም አገር ግንበኛና ዕቃ አምጥተው መሥራታቸው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ደግሞም ስለ ኸሊፋው ምቾትና ጭካኔ የነገረን ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብዙውን የነገሩን ሁለት ምርኮኞች ናቸው። አንደኛው ኦርቫልደር የተባለው ካቶሊካዊ ቄስ ነው፤ በ1891 አመለጠና መጽሐፉ በ1892 ታተመ። ሁለተኛው የዳርፉር አገረ ገዥ የነበረው ኦስትሪያዊው ስላቲን ነው፤ በኸሊፋው ደጃፍ ለዓመታት አገልግሎ በ1895 ጠፋ፤ መጽሐፉም በ1896 ወጣ። ሁለቱንም መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ለአንባቢ ያቀረበው የግብፅ ጦር የስለላ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዊንጌት ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ሱዳንን ዳግም ለመያዝ የሚደረገውን ዘመቻ እንዲደግፍ ማድረግ። ስለዚህ ሁለቱ ምርኮኞች ያዩትን አይተዋል፣ የደረሰባቸውም መከራ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃላቸው ወደ እኛ የደረሰው በአንድ የስለላ መኮንን ጠረጴዛ ላይ አልፎ ነው። ፒ. ኤም. ሆልት በ1958 ባሳተመው የመህዲያን መንግሥት በሚመለከት መጽሐፉ ከራሱ ከመንግሥቱ መዛግብት ተነሥቶ ሥራ ያለው፣ ደብዳቤ የሚጻጻፍ፣ ግምጃ ቤትና ዳኛ ያለው አስተዳደር እንደ ነበር አሳይቷል። እንዲህም ሆኖ የስላቲን ወሬ እስከ ዛሬ ከመምህራን አፍ አልወጣም። ስለሚጥም ይሆን?

የቤቱ ሁለተኛ ዘመን የሚጀምረው በመስከረም 2 ቀን 1898 ነው። በዚያ ዕለት ኪችነር የመራው የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ከኦምዱርማን በስተሰሜን ከረሪ በተባለው ሜዳ ላይ የኸሊፋውን ሠራዊት በመትረየስና በመድፍ አጨደው። ከሱዳናውያን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሰው ሲያልቅ፣ ከወራሪው ወገን የሞተው ከ50 በታች ነበር። በዚያው ቀን ማታ፣ ጦሩ ከተማይቱን እየያዘ ሳለ፣ ሁበርት ሃዋርድ የተባለ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ዘጋቢ በኸሊፋው ግቢ አካባቢ ከገዛ ወገኑ በተተኮሰ መድፍ ሞተ።

የመህዲው መቃብርና የኸሊፋው ቤት የቆሙት ፊት ለፊት ነው። መቃብሩ በመድፍ ተመትቶ ጉልላቱ ከተቀደደ በኋላ በኪችነር ትእዛዝ ፈረሰ፤ ዐፅሙም ወጥቶ ወደ ዓባይ ተጣለ። እንደገና የተሠራው በ1947 ነው። ቤቱን ግን አልነኩትም። ለምን? ስለ ወደዱት አይደለም። መቃብር ሕዝብ ይሰበስባል፤ ቤት ግን ሹም ያስቀምጣል። ለአዲሱ አስተዳደር ቤቱ ጠቃሚ ነበር። የኦምዱርማን አስተዳዳሪ የሆኑ እንግሊዛውያን በኸሊፋው ክፍሎች ኖሩ፤ በዚያም ሥራቸውን ሠሩ። ወዲህ ቅርስ ተጠብቆ ሲገኝ ሁልጊዜ «ጠባቂዎቹ ይመስገኑ» ማለት ልማድ ሆኗል። የኸሊፋው ቤት የተረፈው ግን ጣሪያው ስለማያፈስ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

በ1928 ቤቱ ሙዚየም ሆነ። በከረሪ የተዋጉ ሰዎች በዚያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበሩ። አባታቸውን ወይም ወንድማቸውን በዚያ ቀን ያጡ ሰዎች በከተማይቱ ሲመላለሱ፣ የአሸናፊው አስተዳዳሪዎች የተሸናፊውን መሪ መኝታ ቤት ለጎብኚ ከፈቱት። በየክፍሉ የተሰበሰበው ባንዲራ፣ ጦር፣ ሰይፍ፣ የብረት ጥሩር፣ በመህዲያ ዘመን የተመታ ገንዘብ፣ ከጄኔራል ጎርደን ጋር የተያያዘ ዕቃ ነው። ዕቃዎቹን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ምርጫውን ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የቆየ መንግሥት ከጦርነት ሌላ ሥራ ያልነበረው ይመስላል። ማን አረሰ? ማን ፈተለ? ኦምዱርማንን ያህል ከተማ በእህል ያኖረው ማን ነው? ከገዳሪፍ ጥቁር መሬት የሚመጣው ማሽላ ባይኖር የምሥራቁ ጦር አንድ ወርም አይቆይም ነበር። ነገር ግን ማሽላ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይታይም፤ ሰይፍ ይታያል።

አሁን ወደ ልጁ መኪና እንመለስ። መኪናው አሮል ጆንስተን የሚባል የስኮትላንድ ሥሪት ሲሆን ሱዳን ውስጥ ከገቡት መኪናዎች የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። ባለቤቱስ ማን ነው? ከላይ ያነሣነው ዊንጌት ነው። ይህ ሰው የምርኮኞቹን መጻሕፍት አዘጋጅቶ ኸሊፋውን በአውሮፓ ፊት ከሰሰው። በኅዳር 1899 ኡም ዲወይከራት በተባለ ቦታ ጦር መርቶ ኸሊፋውን ገደለው። ከዚያ እስከ 1916 ድረስ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ። በመጨረሻም መኪናው በሟቹ ግቢ ውስጥ ቆመ። ከሳሹ፣ ገዳዩና ወራሹ አንድ ሰው ሲሆን፣ ይህንን አንድነት የሚያሳይ ከዚህ መኪና የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ ከየት ይገኛል? ነገር ግን መኪናው «የመጀመሪያው መኪና» ተብሎ ብቻ ሲታይ ልጆች የሥልጣኔ መግቢያ አድርገው ይወስዱታል። የእኛም ተማሪ ያስታወሰው እንዲሁ ነው፤ መኪናው የማን እንደ ነበረ ስንጠይቀው «የእንግሊዞች» አለን፤ ከዚያ በላይ አልነገሩትም፣ ወይም ነግረውት ረስቷል።

ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ የመህዲያ ታሪክ ትርጉሙ ተለወጠ። አረመኔ የተባለው ዘመን የነፃነት ትግል መጀመሪያ ተባለ። ይህ ተገቢ እርማት ነው፤ ከረሪ ላይ በመትረየስ ፊት የሮጡት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። እንደ እኛ አስተያየት ግን እርማቱ ቅጽሎቹን ለወጠ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አልለወጠም። ጨካኝ የነበረው ጀግና ሆነ፤ ትረካው ግን እንደ ቀድሞው ስለ ጦር፣ ስለ ባንዲራና ስለ አንድ ሰው ነው። እንግሊዞች በ1928 ባሰመሩት መስመር ላይ ሌላ ቀለም ተቀባ።

በሱዳናውያን ላይ ይህን ያህል ከተናገርን ለራሳችን ማዘን አይገባንም። የእኛ ግማሽ ታሪክ የሚጀምረው ከመተማ ጦር ሜዳ ነው፤ የሚያልቀውም እዚያው ላይ ነው። ጦርነቱ ለምን እንደ መጣ ግን ከብዙ እጩ መምህራን አልሰማንም። በ1884 ዐድዋ ላይ በተፈረመው የሂዌት ውል ዐፄ ዮሐንስ በመህዲስቶች የተከበቡ የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። የጋላባትም ጦር በ1885 በዚህ መንገድ ወጣ። በምላሹ ምጽዋ ለኢትዮጵያ ነፃ መተላለፊያ ትሆናለች ተብሎ ነበር፤ ገና ዓመት ሳይሞላ ጣሊያኖች ምጽዋን ያዙ፤ እንግሊዞችም አልተቃወሙም። ኢትዮጵያ የእንግሊዝን ዕዳ ከፍላ የድርቡሽን ጠላትነት ገዛች። በ1887 መጀመሪያ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋላባት ድረስ ወርደው የኸሊፋውን አሚር ወድ አርባብን ገደሉ። በዓመቱ ሐምዳን አቡ አንጃ ሣር ውሃ ላይ ንጉሡን አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ። አብያተ ክርስቲያናቱ የነደዱበትን ቀን ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጋላባት ላይ የሞተውን ግን ማን ያነሣዋል?

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨን የአንድ ደብዳቤ ነገር ነው። በ1888 መጨረሻ፣ ከመተማ ጦርነት ሁለት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ሐሳብ ጽፈው ነበር። ፍሬ ነገሩ፣ የሁለቱ አገር ድሃ እርስ በርሱ ቢጨራረስ ጥቅም የለውም፣ የጋራ ጠላታችን አውሮፓዊው ነው የሚል ነው። የተመለሰላቸው መልስ ስድብ ነበር። አቡ አንጃ በጥር ወር ሞተና ዘኪ ቱማል ተካው፤ በመጋቢት ጦርነቱ ሆነ። ድሉ ወደ እኛ አዘንብሎ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ቆሰሉ ሠራዊቱ ተፈታ። ራሳቸው በኦምዱርማን ለሕዝብ ታየ። በዚያው ዓመት ጣሊያኖች ከረንንና አሥመራን ያዙ፤ በ1894 ደግሞ ከሰላን ከኸሊፋው ነጠቁ። ደብዳቤው ያለው ደረሰ ማለት ነው።

ከዚያም የተራበው ሁሉም ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ ቀን የሚባለው፣ በሱዳን ደግሞ በእስላም አቆጣጠር 1306 ዓመት ስለ ነበረ «የስድስት ዓመት» የተባለው ረሃብ የድንበር ምልክት አላወቀም። ድል አድርጎ የተመለሰው የምሥራቁ ጦር በጋላባትና በገዳሪፍ አካባቢ በረሃብና በበሽታ አለቀ። አዛዡ ዘኪ ቱማልም ቢሆን ድሉ አላዳነውም፤ ስላቲን እንደጻፈው ከሆነ በ1893 በኸሊፋው ትእዛዝ ታስሮ በረሃብ እንዲሞት ተደርጓል። (ስላቲንን በዚህ ስፍራ ስንጠቅስ ከላይ ያልነውን አልረሳንም፤ ምስክርን በጥንቃቄ መስማት ማለት አለመስማት ማለት አይደለም።)

ታሪኩ ግን በራሱ መቆረጥና በረሃብ አያልቅም። ዐፄ ምኒልክ ዐድዋ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ የኢትዮጵያና የኦምዱርማን ቤተ መንግሥቶች መልእክተኛና ደብዳቤ ተለዋውጠዋል። ዐፄ ዮሐንስ ያቀረቡትን ሐሳብ የሚመስል ነገር በዚያው ኸሊፋ ፊት፣ በዚያው ከተማ እንደገና ቀረበ፤ በዚህ ጊዜ አልተሰደበም። ግን ዘግይቷል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኪችነር መጣ፤ ኦምዱርማን ከወደቀች ከ20 ቀን በኋላ ኮሎኔል ፓርሰንስ ከከሰላ ተነሥቶ ገዳሪፍን ያዘ። በ1902 ደግሞ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ድንበሩ በመተማና በጋላባት መካከል ተሰመረ። ዛሬ ገዳሪፍ የሚሄድ መንገደኛ የሚሻገራት አነስተኛ ድልድይ የዚያ ውል ልጅ ናት።

እንግዲህ የምኒልክ መልእክተኞች ኦምዱርማን የገቡበትን ቀን የሚያስተምር ክፍል ስንት ነው? እጩ መምህራኖቻችንን ጠይቀን ነበር። የራሱን መቆረጥ ሁሉም ያውቃል። የዐፄ ዮሐንስን የሰላም ደብዳቤ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። የምኒልክን መልእክተኞች የሚያውቅ አላገኘንም። ይህን የምንጽፈው እነሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ያሠለጠንናቸው እኛ ነን።

ስለ ቤቱ ያለፉት ዓመታት ሁኔታ በአጭሩ እንናገር። ከ2018 ወዲህ ሱዳናውያን የቅርስ ባለሙያዎች ከውጭ ድጋፍ አግኝተው ሕንፃውን ሲጠግኑና ሙዚየሙን ለአካባቢው ሕዝብ የሚስማማ ለማድረግ ሲሠሩ ነበር። ሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ አቋረጠ። የድሮው ኦምዱርማን ለወራት የውጊያ ሜዳ ስለ ሆነ ቤቱም ስብስቡም ከጉዳትና ከዝርፊያ አልተረፉም። ቤቱ ከኪችነር መድፍ ያመለጠ ነበር፤ በራሱ ልጆች ጠብ መካከል ሲገባ ግን ያዳነው ጥቅም አልነበረውም። በዚያው ጊዜ መተማ በብዙ ሺህ ለሚቆጠር ስደተኛ በር ሆነች፤ በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። ከዚያ ቀደም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜና በ2013 ዓ.ም. ሕዝቡ የተሰደደው ወደ ገዳሪፍ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የእግር ኮቴው አቅጣጫውን እንጂ ብዛቱን አይለውጥም።

ከእጩ መምህሩ ጋር ከተወያየን በኋላ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ በሌላ መልክ አዘጋጀው። ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ወገን በጎንደር፣ በሌላው ወገን በኦምዱርማን ከ1884 እስከ 1902 የሆነውን ጎን ለጎን ጻፈ፤ ተማሪዎችም ራሳቸው ክፍት ቦታዎቹን ሞሉ። አሠራሩ ጉድለት አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ሰዓቱ አልበቃም፤ ዓመተ ምሕረቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲለውጥም ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቷል። ግን በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም። ከኦምዱርማን የመጣው ልጅ የቤቱን ንድፍ በወረቀት ሠርቶ እንዲያመጣ ታዘዘና አመጣ። መቃብሩን፣ አደባባዩን፣ ደረጃውንና መታጠቢያ ቤቱን በየቦታቸው አስቀምጧቸዋል። መኪናዋን ግን ከግቢው አጥር ውጭ ነው የሣላት። ለምን ከውጭ አደረግካት ብለን ስንጠይቀው፣ «ውስጥ ቦታ አልበቃኝም» አለን።